እሑድና የሥራ ተራ

በኢየሩሳሌም የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ባስጀመሩት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ኢትዮጵያ በሚባለው ጎዳና ላይ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሰው ቤት የምትሠራ እናትም ልጇን አድርሳ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አውቶቡስ ይቆማል፤ ሥራ ካመሸባት በእግሯ ነው።

ቅዳሜ ግን የእሷ ናት። ልጇን ይዛ ዴር ሡልጣን ገዳም፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ወዳሉት የመነኮሳት ጎጆዎች ትወጣለች። ልጁ መስቀል ተሳልሞ፣ አማርኛውን ከዕብራይስጥ እየቀላቀለ ለአንዱ መነኩሴ የሳምንቱን ወሬ ሲያወራ የእሷም ፊት ይፈታል።

የሚያሳዝነኝ እሑዷ ነው። እኛ ጎረቤቶቿ በወር አንዴ እንኳ የሥራ ተራዋን ብንሸፍንላት፣ ከልጇ ጋር ታስቀድስ ነበር።