ከውጭ አገር ሰው ጋር ስንነጋገር የሚጠቅሙን ጥቂት የእንግሊዝኛ አባባሎች
(በራዲዮ የተላለፈ ንግግር)

 

በየጎልማሶች ትምህርት ጣቢያው ተሰብስባችሁ ይህን ዝግጅት የምታዳምጡ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንግሊዝኛ ነው። «ፊደል ገና አሁን ቆጥረን፣ አማርኛውንም በቅጡ ሳናነብ፣ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከደጃችን አለ።

እኔ የማስተምረው በሲሪንቃ ነው። ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። የእርሻ ምርምር ማእከል ስላለባት እንግዳ አይጠፋባትም። ወደ ላሊበላ የሚሄድ የውጭ አገር ሰውም በወልድያ በኩል ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. የአዋሽ፣ የኮምቦልቻና የሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ ሲጀመር ሥራውን የያዘው የቱርክ ኩባንያ ነበር። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ ያለውን ደግሞ የቻይና ኩባንያ ያዘ። ድንጋይ ፈልጦና ብረት ተሸክሞ የዋለው የእኛ ሰው ከአለቃው ጋር የተግባባው በምን ይመስላችኋል? በእጅ ምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የቱርኩም፣ የቻይናውም፣ የእኛም የእናት ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ ማንም በማንም ላይ ሊስቅ አይገባውም።

ከሐብሩና ከአካባቢው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደውም ልጅ ብዙ ነው። እዚያ ዋናው ቋንቋ ዓረብኛ ነው። ሆኖም በአውሮፕላን ማረፊያውና በሥራ ውሉ ላይ እንግሊዝኛ አይታጣም።

እንግዲህ ከሰላምታ እንጀምር። «ሃው አር ዩ?» ማለት «እንደምን ነህ? እንደምን ነሽ?» ማለት ነው። መልሱም «ፋይን፣ ቴንኪው» ነው። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ያልቃል። በእኛ አገር ሰላምታ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ ሳይጠያየቁ አይቆምም። ፈረንጁ ባንድ ቃል ብሎ ዝም ሲል ኮርቶ ወይም ንቆን እንዳይመስለን። ልማዱ ነው።

በየመንገዱ ዳር ልጆቻችን የውጭ አገር ሰው ሲያዩ «ዩ! ዩ!» እያሉ ይሮጣሉ። ይህን ሰምታችኋል። «ዩ» ማለት «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ነው። ሽማግሌውም፣ ሕፃኑም፣ ንጉሡም በእንግሊዝኛ «ዩ» ነው፤ «እርስዎ» የሚል ቃል ለብቻው የለም። ታዲያ ለምን ይከፋዋል? አንድን ሰው በ«ዩ» ብቻ መጥራት ከሩቅ «አንተ! አንተ!» ብሎ እንደመጮኽ ስለሆነ ነው። እኛስ አንድ መንገደኛ አባባን «አንተ!» ብሎ ቢጠራቸው ዝም እንለዋለን? እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያመጣው በሌላ ቃል ነው። ሰውን ለመጥራትም ሆነ ለማለፍ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይባላል፤ «ይቅርታ» እንደማለት ነው። አንድ ነገር ሲለምኑ «ፕሊዝ» ይጨመርበታል፤ «እባክዎን» ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ደግሞ ወንድ ከሆነ «ሰር»፣ ሴት ከሆነች «ማዳም» ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «የስ» ማለት «አዎ» ነው። «ኖ» ማለት «አይደለም» ነው። ይህን ልጆቻችሁም ያውቁታል። ይሁን እንጂ ሰው ገንዘቡን ሊያጣ የሚችለው በዚች በቀላሏ ቃል ላይ ነው።

አንድ የቀን ሠራተኛ እናስብ። የሠራበትን ደመወዝ ገና አልተቀበለም። እንግሊዝኛ የሚናገር አለቃው «ዲድንት ዩ ጌት ዩር ማኒ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ገንዘብህን አልተቀበልክም?» ማለቱ ነው። በአማርኛ መልሱ ምንድን ነው? «አዎ፣ አልተቀበልኩም» ነው። ስለዚህ ሠራተኛው «የስ» ይላል። አለቃው ግን «ተቀብያለሁ» ያለው ይመስለዋል። ወደ ሌላው ሰው ያልፋል። ሠራተኛው እውነቱን ተናግሯል፤ አለቃውም አላጭበረበረም፤ ደመወዙ ግን ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «አዎ» ስንል የምናጸድቀው የጠያቂውን አባባል ነው። «አልተቀበልክም» አለ፤ እኛም «ልክ ብለሃል» አልን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን የሚያየው ነገሩ መደረጉንና አለመደረጉን ብቻ ነው። ከተደረገ «የስ»፣ ካልተደረገ «ኖ»። አጠያየቁ አይገደውም። ቻይናዎች በገዛ ቋንቋቸው እንደኛው ነው የሚመልሱት። እንግዲህ ሁለቱም ወገን በእንግሊዝኛ ሲነጋገር «የስ» የተባለችው ቃል በየትኛው ልማድ እንደተነገረች ማወቅ ይቸግራል።

ስለዚህ ገንዘብን፣ ጤናን ወይም ሥራን በሚመለከት ጥያቄ ላይ በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አትመልሱ። ሙሉውን ተናገሩ። የተቀበለ ሰው «አይ ጎት ማይ ማኒ» ይበል። ያልተቀበለ «አይ ዲድ ኖት ጌት ማይ ማኒ» ይበል። «ዲድ ኖት» የምትለዋን ጠንከር አድርጋችሁ ተናገሯት፤ «አል» የሚለውን የምትተካው እሷ ናት።

ሌላም አለ። እኛ «እሺ» የምንለው ብዙ ጊዜ ለአክብሮት ነው። «ሰማሁህ፣ ቀጥል» ማለታችን ነው። ይህን ልማድ ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር፣ ሰውዬው በተናገረ ቁጥር «የስ፣ የስ፣ ኦኬ» እንላለን። እሱ ግን «ገብቶኛል፣ ተስማምቻለሁ» ያልን ይመስለዋል። በሥራ ውል ፊት ይህ አደገኛ ነው። ሰዓቱ፣ የዕረፍቱ ቀን፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው ሁሉ ሲነገር «የስ» እየተባለ ካለፈ፣ በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ዋጋ የለውም።

በእኔ አስተያየት ከእንግሊዝኛ ሁሉ መጀመሪያ መጠናት ያለባት አባባል ይህች ናት፤ «አይ ዶንት አንደርስታንድ»። «አልገባኝም» ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል፤ በተለይ ዕድሜው የገፋ። በዚህ አልስማማም። የሰው ቋንቋ አለመግባቱ ነውር አይደለም። ከዚያ በኋላ «ፕሊዝ፣ ስሎሊ» ይባላል፤ «እባክዎን ቀስ ብለው» ማለት ነው። አሁንም ካልገባ «አይ ስፒክ አምሃሪክ» በሉ። «የምናገረው አማርኛ ነው» ማለት ሲሆን፣ ሰውዬው አስተርጓሚ እንዲፈልግ ይገፋፋዋል። ፈርሙ የሚል ወረቀት ሲመጣ «አይ ዊል ሪድ ፈርስት» ይባላል። «በመጀመሪያ አነባለሁ» ማለት ነው። ማንበብ ባትችሉ እንኳ የሚያነብላችሁ ሰው እስክታገኙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከፈረማችሁም በኋላ «ኮፒ፣ ፕሊዝ» ብላችሁ አንዱን ቅጂ ተቀበሉ።

በመካከሉ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ስንስማማ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» እንላለን። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው የደነገጥን ወይም ያመመን ይመስለዋል። ስለዚህ በአፍ መናገር ይሻላል።

ስለ ገበያም ጥቂት እንበል። «ሃው ማች?» ማለት «ዋጋው ስንት ነው?» ማለት ነው። ጠያቂው እንግዳው ሊሆን ይችላል፤ እናንተም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ችግሩ የሚመጣው በቁጥሩ ላይ ነው። «ፊፍቲን» 15 ነው፤ «ፊፍቲ» ደግሞ 50 ነው። «ሰርቲን» 13 ነው፤ «ሰርቲ» 30 ነው። በተለይ መጨረሻ ላይ ባለችው በአንዲት «ን» ነው የሚለያዩት። በገበያ ጫጫታ መሀል ማን ይሰማታል? ነገር ግን እናንተ አንድ መሣሪያ አላችሁ። በትምህርት ጣቢያ የተማራችኋቸው 1፣ 2፣ 3 በእንግሊዝም፣ በቱርክም፣ በቻይናም የሚሠራባቸው ቁጥሮች ናቸው። በወረቀት ላይ 15 ብላችሁ ጽፋችሁ አሳዩት። ክርክሩ ያልቃል።

በቀጠሮም ላይ እንዲሁ ተጠንቀቁ። የውጭ አገር ሰው «አት ኤይት ኦክሎክ» ቢላችሁ፣ በእሱ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ጧት ከሆነ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። እኛ ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ጎሕ ሲቀድ ሲሆን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ማስላት የሚያስቸግረው ሰው የግድግዳ ወይም የእጅ ሰዓት ይመልከት። እነሱ ከጠሩት ቁጥር በትክክል ትይዩ ያለው ቁጥር የእኛ ሰዓት ነው። ከ8 ትይዩ 2 አለ። ከ3 ትይዩ 9 አለ። ከ12 ትይዩ 6 አለ። ደግሞም «ሞርኒንግ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ጧት ነው?» ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ «አፍተርኑን» ይላችኋል። በ8 ሰዓት ሥራ ጀምር የተባለ ሰው በእኛ 8 ሰዓት ምሳውን በልቶ ቢደርስ የዕለቱ ሥራ በሌላ ሰው ተይዞ ይጠብቀዋል።

አሁን ራዲዮኑን ከዘጋችሁ በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ አለቃ፣ አንዱ ሠራተኛ ይሁን። አለቃው «ዲድንት ዩ ጌት ዩር ማኒ?» እያለ ይጠይቅ። ሠራተኛው አንድ ጊዜ እንደተቀበለ፣ አንድ ጊዜ እንዳልተቀበለ ሆኖ ሙሉውን ይመልስ። ከዚያ ተለዋወጡ። «የስ» ብሎ ብቻ ያቆመ ሰው ካለ ከመጀመሪያው ይድገም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ጤና ጣቢያ ስንሄድ ስለሚነገሩ አባባሎች እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።