የሐረሪ ቤት ጌጥና የትምህርት ቤት አደራ



ሰው ቤት የሚሠራው ከፀሐይና ከዝናብ ለመጠለል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድግዳውን ባልቀባ፣ ወለሉንም ባላሳመረ ነበር። ነገር ግን በየትኛውም አገር ቢሆን ሰው ጣራውን ከከደነ በኋላ ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ የሚኖርበትን ክፍል በእጁ ያስውባል። በዚህም ሥራ የሚያምንበትን፣ የሚያከብረውንና ለልጁ ሊያወርሰው የሚወደውን ነገር ይገልጣል። ስለዚህ የተጌጠ ክፍል ለሚያስተውለው ሰው እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ለዚህ አባባል በሐረር ጀጎል የሚገኘው የሐረሪዎች ቤት መልካም ምስክር ነው።

የሐረሪ ቤት ከውጭ ለሚያየው ሰው ብዙ አይናገርም። ግንቡ ድንጋይ፣ መንገዱ ጠባብ፣ በሩም ጭምት ነው። ውበቱ ያለው ጊዲር ጋር በሚባለው ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ክፍል ነደባ የሚባሉ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ 5 መደቦች አሉ። አሚር ነደባ የተባለው የቤቱ ጌታ መቀመጫ ሲሆን፣ ጌታው ከዚያ ሆኖ በበሩ የሚገባውን ሰው ሁሉ ያያል፤ በሌሎቹም ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጣል። እንግዲህ ልጅ ታላቁን ማክበር የሚማረው በቃል ከመነገሩ በፊት የት እንደሚቀመጥ በማወቅ ነው።

ግድግዳው በኖራ ይነጣል፤ ወለሉና መደቦቹ ግን በቀይ አፈር ይቀባሉ። ይህም ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም እንዲያስታውስ ነው ተብሎ ይነገራል። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተሠሩ፣ ታቄት የሚባሉ የዕቃ ማስቀመጫዎችም አሉ፤ አራት ማዕዘን ቅርጻቸው መቃብርን እያስታወሰ ሰው ሟች መሆኑን ያሳስባል የሚሉ አሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያስታውቃል ይባላል። ታሪክ፣ ምክርና የቤተ ሰብ ዜና ያለ ብዕርና ያለ ብራና በአንድ ክፍል ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ። ይህም ጌጥ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ ሠርግ ወይም ዐቢይ በዓል ሲቃረብ ቤቱ ይጸዳና እንደ ገና ይቀባል።

የክፍሉ ዘውድ ግን በግድግዳው ላይ በረድፍ የሚሰቀለው ስፌት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ቀጭን የሣር አገዳ በእስር ይያዝና በክብ ይጠመዘዛል፤ ቀለም የተነከረ ሣርም እየተጠመጠመበት በወስፌ ይሰፋል። ሥራው ከመካከል ተጀምሮ ዙር በዙር ይዘረጋል። ባለሙያዪቱ ንድፉን በወረቀት ላይ አትነድፍም፤ በልቧ ይዛ ትቈጥራለች እንጂ። በመካከሉ ላይ ቁጥር የሳተች እንደ ሆነ ስሕተቱ ከዙር ወደ ዙር እየጐላ ሄዶ በጠርዙ ላይ ፈጽሞ ይገለጣል። ክብን በእኩል ስለ መክፈልና ስለ ቅርጾች መመጣጠን ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ይህ ጥበብ ያለ አስተማሪ የኖረ አይደለም። ሞያ ጋር በሚባል ቤት ልጃገረዶች ተሰብስበው ከአንዲት ዐዋቂ ሴት ስፌትን ይማሩ ነበር፤ ከስፌቱም ጋር ትዕግሥትንና ጨዋነትን ይቀስሙ ነበር። ኋላ ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤት የልጃገረዶቹን ቀን ሲወስድ የሞያ ጋር ተማሪ እየሳሳ ሄደ። የፋብሪካ ሳሕንና የፕላስቲክ ዕቃ በስፌቱ ጎን ተሰቀለ፤ በብዙ ቤትም የዘይት ቀለም የቀይ አፈርን ቦታ ያዘ።

ስለዚህ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ባይሄዱ ይሻል ነበር የሚል አስተዋይ ሰው የለም። ፊደል ያገኘች ልጅ ያገኘችው ነገር ከጠፋው ሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን ጊዜውን የወሰደ ሁሉ በዚያ ጊዜ ይሰጥ ለነበረው ትምህርት በከፊልም ቢሆን ኀላፊነት አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ከከተማይቱ ቅርሶች ሁሉ ይልቅ አድንቋል። መዝገብ ግንቡን ይጠብቅ ይሆናል፤ እጅን ግን የሚጠብቀው ትምህርት ብቻ ነው።

አንዳንዶች፣ ገበያው በተዘጋጀ ጌጥ ሞልቶ ሳለ ልጅ ወራት በሚፈጅ ሥራ ለምን ይድከም ይላሉ። የተገዛ ጌጥ ክፍልን በአንድ ቀን እንደሚያሳምር አይካድም። ይሁን እንጂ ልጅ ግድግዳውን አይቶ እናቱ ያደረገችውን፣ አያቱ ያሰበችውን ሊያነብ የሚችለው ጌጡ ከቤቱ ሰው እጅ የወጣ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የመምህሩ ድርሻ ከባድ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜውን ለአካባቢው ባለሙያ ሴት ቢለቅላት፣ ርእሰ መምህሩም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አስተማሪ አክብሮ የድካሟን ዋጋ ቢከፍላት፣ ሞያ ጋር በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ወንዶቹም ልጆች ሴቶቹም የአያቶቻቸውን ቤት ለክተው ይሣሉ፤ የእያንዳንዱን መደብና የእያንዳንዱን ስፌት ስም ጠይቀው ይጻፉ። ባዶውን የመማሪያ ክፍል ግድግዳም በአገራቸው አፈርና በአገራቸው ሣር ያስጊጡት። በሐረር የተነገረው ለጎንደር መሶብም ለዶርዜ ሽመናም ይሠራል።

ሣር የሚሰፋው ረጥቦ ሲለዝብ ነው፤ ከደረቀ ይሰበራል። አበውም፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለዋል። የሚያውቁት እናቶች ገና በሕይወት ሳሉ፣ የሚማሩትም ልጆች በየማለዳው በትምህርት ቤቱ በር እየገቡ ሳሉ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው መምህሩ ነው።