ቤት ያፈራውን



የዛሬው ርእሳችን እንግዳ መቀበል ነው። «ይህንንማ ከእናቶቻችን ተምረነዋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። በአገራችን ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ላለ ሰው «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባል ነበር። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል።

ታዲያ ዛሬ ለምን ከበደን? ስንነጋገርበት ያገኘነው መልስ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም ነው። ዶሮ ካልተሠራ፣ ለስላሳ ካልተገዛ ሰው መጥራት ነውር መሰለን። ለበዓል ተበድረን እንደግሳለን፣ በአዘቦት ቀን ግን በራችን ዝግ ነው። የምንጠራውም መልሶ የሚጠራንን ነው። ጌታ በሉቃስ 14 የተናገረው በዚሁ ላይ ነው።

ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ በአብርሃም ቤት መስተናገዳቸውን እናከብራለን። ዘፍጥረት 18ን ስናነብ ግን ሣራን እንረሳታለን። በቀትር ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ የጋገረች እርሷ ናት። ባል «እንግዳ ጠርቻለሁ» ሲል ማን እንደሚደክም እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። አብርሃም እኮ ራሱ ወደ ላሞቹ ሮጧል! የእኛዎቹም ውሃ ይቅዱ፣ ሳህን ይጠቡ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ከተማችን በተፈናቃይ ተሞላች። ከወለጋ የመጡትም በቻይና ካምፕና በባኬሎ ተጠለሉ። ያን ጊዜ ያየነው ይህን ነው፦ የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነው፣ ሁሉም እንጀራ ይዞ ይወጣል። ፈተናው እንግዳው ሲቆይ ነው። ዱቄቱ ያልቃል፣ ልጆች ይጣላሉ፣ ቃል ይሻክራል። እንግዳዋም ይገባታል፤ አንገቷን ደፍታ ትበላለች።

የረዳን አንዱ ነገር ሥራ አለመከልከል ነው። «አንቺ ተቀመጪ» ማለት ለሁለት ቀን ክብር ነው፤ ከወር በኋላ ግን «የቤቱ ሰው አይደለሽም» እንደማለት ይሆናል። ቆሎ ትቁላ፣ እንጀራ ትጋግር፣ ቡናውንም እርሷ ታፍላ። ሌላው፣ እንግዳ የተቀበለችውን እህት ብቻዋን አለመተው ነው። አንዷ ማደሪያ ከሰጠች ሌላዋ እራት ትቻል፣ ሦስተኛዋ ልጆቹን ትጠብቅ። በወር በወሩ ተራው ይዙር።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ብርድ ልብስ አጥቶ የሚያድር አለ። ትርፍ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያላችሁ አጥባችሁ፣ ፀሐይ አስመትታችሁ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ያረጀም ይሁን እንቀበላለን፤ የተቀደደ ግን ሰፍታችሁ አምጡ።