ጣቱን የነከረ ሁሉ ፈቅዷል?

እዚህ ኮሎምበስ ያለው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ከፍቷል፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲም ጋር በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ሠርቷል። ደግ ሥራ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ተመራማሪ በመጣ ቁጥር ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርመው ገበሬ «እምቢ» ማለት እንደሚችል ማን ይነግረዋል?

ወላይታ ላይ የእግር ዝሆኔ የዘር ጥናት ሊካሄድ ሲል፣ አጥኚዎቹ ቀድመው ሕዝቡን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጽሑፋቸው ትልቁን ስጋት ይናገራል፦ ቤተሰቡ ሲታወቅ መገለሉ እንዳይብስ። ይህን ከቢሮ ሆኖ ማን ያውቀዋል?

የሁለት ቀን ሥልጠናና ሰርተፍኬት (አበልም አለው) ይህን አያስተምርም። እናንተ እዚህ ያላችሁ ሐኪሞችና መምህራን፣ አገር ቤት ስትገቡ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ጋር ቁጭ በሉ። የፈቃድ ቅጹን ፊደል ላልቆጠረች እናት አስረዷትና፣ የገባትን መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት።