ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ሸክላ
(በገዳሪፍ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ ሸክላ ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ስሙ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይባላል፤ የወጣውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በኒው ዮርክ ነው። ደራሲው አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወልደው፥ ሙዚቃን በለንደንና በቦስተን የተማሩ ናቸው።

የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። ቅኝታችን የቆመው በአምስት ድምፅ ነው፤ የጃዝ ስምምነት ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይጠቀማል። አሥራ ሁለቱን ያለ ልክ ያፈሰሱበት እንደ ሆነ አምባሰል አምባሰልነቱ ይቀራል። አቶ ሙላቱ ግን ዜማውን በአምስቱ እየጠበቁ፥ ከሥሩ የጃዝን ስምምነትና የላቲን አሜሪካን ምት አነጠፉለት። ከዜማዎቹ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የሠርግ ዘፈን ነው፤ «ደወል» የተባለው ደግሞ በስሙ ብቻ የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ ያሳስባል። ሸክላው ማኅሌት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር ግን አልስማማም። ወደ ያሬድ ዜማ በግልጽ የተመለሱት ዘግይተው፥ በ2007 እና በ2008 በሐርቫርድ ሳሉ በቅዱሱ ስም ኦፔራ መድረስ በጀመሩ ጊዜ ነው። የውጭው ዓለም ብዙ አድማጭም ያወቃቸው በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሸክላ አራተኛ ክፍል ከወጣ በኋላ ነው።

ይህ ለገዳሪፍ መምህር ምን ይረባዋል? በዚህ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች በቤት የእናታቸውን፥ በገበያ የሱዳንን ዘፈን ይሰማሉ። የሱዳን ዜማ በብዛት አምስት ድምፅ ያለው፥ ግማሽ ድምፅ የሌለበት ስለ ሆነ ከትዝታ ሜጀር ጋር ይዛመዳል፤ ስለዚህ ከመተማ እስከ ጋላባት ዘፈን አስተርጓሚ አይሻም። አንቺ ሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ አለበትና፥ ልጁ ሲሰማው ዘፋኙ የሳተ ሊመስለው ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የአያቱን ዜማ እንደ ስሕተት የሚቆጥር ልጅ፥ ነገ ለማንም አያስተላልፈውም። በ2020 ተሰደው ወደ ኡም ራኩባ የገቡት ቤተሰቦች ልጆችም በዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ትዝታ ይዘመር፤ ቀጥሎ ልጆቹ የሚያውቁት የሱዳን ዘፈን ይምጣ፤ ከዚያም አንቺ ሆዬ በክራር፥ ክራር ባይገኝ በመምህሩ ድምፅ ይሰማ። ሸክላው በመጨረሻ ይከፈትና፥ አምስቱ ድምፅ የት እንዳሉ ልጆቹ በጣታቸው እየቈጠሩ ያመልክቱ።