ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፤ ስለ ዕድርና ስለ ኑዛዜ የተደረገ ንግግር



በጭሮ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ሰው ሲሞት ቤተ ዘመዱ ገና ከድንጋጤው ሳይነቃ ጎረቤት ተሰብስቦ ሥራውን ይጀምራል። ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ መቃብር የሚቆፍሩት ይላካሉ። ሟቹ ሙስሊም እንደ ሆነ ገላው ታጥቦና ተከፍኖ፣ ሶላት ተሰግዶበት ሳይውል ሳያድር ይቀበራል፤ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን እንደ ሆነም ፍትሐት ተደርጎለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሸኛል።

ይህ ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ የሚከናወነው ሕዝቡ አስቀድሞ ስላሰበበት ነው። በአማርኛ ዕድር፣ በኦሮምኛ አፎሻ፣ በሐረሪዎች ዘንድ አፎቻ የሚባለው ማኅበር ሰው በጤናው ሳለ ስለ ሞት ቀን የሚመክርበት ሸንጎ ነው። እንግዲህ «ስለ ሞት ማሰብ ሟርት ነው» የሚለው አነጋገር በየወሩ መዋጮውን በሚከፍለው በዚያው ሕዝብ ሥራ የተሻረ ነው።

ነገር ግን ዕድሩ የሚያዘጋጀው ለቀብሩና ለለቅሶው ቀን ነው። ድንኳኑ ሲነሣ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ቤቱ በማን ስም ነው? ሟቹ ለማን አበድሯል፤ ከማንስ ተበድሯል? በሒርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ጫትና ቡና ሲነግድ የኖረ ሰው በእምነትና በቃል ሲቀበልና ሲሰጥ ቆይቶ እንደ ሆነ፣ በሞተ ጊዜ የሒሳቡ መዝገብ አብሮት ይቀበራል።

ብዙ ቤተሰብ መፍትሔ አድርጎ የሚጠብቀው በሕመም አልጋ ላይ የሚነገረውን ቃል ነው። ሕጉ ግን ለዚህ ቃል የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረገውን የቃል ኑዛዜ ቢቀበልም፣ በእርሱ ሊታዘዝ የሚችለው የቀብሩ ሥርዓት፣ የትንንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር በዚያን ጊዜ ቁም ነገር ነበረ፤ ዛሬ አንድ ፍየል እንኳ አይገዛም። ተናዛዡም ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቃሉ ይፈርሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት በሚስት ላይ የሚደርሰው ነው። ከጋራው ሀብት ግማሹ የራሷ ነው፤ ከባሏ ድርሻ ግን፣ በዚህ ሕግ መሠረት፣ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለችም። ስለዚህ ባል ሊሞት ሲል «ቤቱ ለእናታችሁ ይሁን» ማለቱ ልጆቹን በኅሊና እንጂ በሕግ አያስራቸውም። በሸሪዓው ሥርዓት ሚስት የተወሰነ ድርሻ አላት፤ ዕዳም ከውርስ በፊት ይከፈላል፤ ኑዛዜም ከሀብቱ ሢሶ አያልፍም። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታይ ዘንድ ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። ወራሾች ከተጣሉ በኋላ ፈቃዳቸውን አንድ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

መድኃኒቱ በጤና ሳሉ መጻፍ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ቀን ይጻፍበታል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርሙበታል። ምስክሩ የተነበበውን ራሱ መረዳት ስላለበት፣ በኦሮምኛ ለተጻፈ ኦሮምኛ አዋቂ፣ በአማርኛ ለተጻፈም አማርኛ አዋቂ ይመረጥ። ሰው በገዛ እጁ የጻፈው ኑዛዜም ይጸናል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት መናዘዝ አይችሉም፤ ለየራሳቸው ይጻፉ።

አራት የታመኑ ምስክሮች ከየት ይገኛሉ ቢባል፣ ዕድሩ በየወሩ ይሰበሰባል። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ አባላቱም የጎረቤታቸውን ቤት ያውቃሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ መዋጮው ከተቆጠረ በኋላ ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ዕዳ መዝገብና ስለ ቤት ሰነድ ጥቂት ቢነገር፣ ፈቃደኛ የሆነውም ከውርሱ ምንም የማይደርሳቸውን አራት ሰዎች ይዞ ቢጽፍ፣ ዕድሩ ሥራውን ሞላ ማለት ነው። ሟቹን በክብር የሚሸኘው ጎረቤት የቀሩትም በፍቅር እንዲኖሩ ሊረዳ ይችላል።