ሳልጠይቅ የተቀበልኩት ኪኒን
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችንን ሂሳብ ስሠራ ለ20 ብርም ቢሆን ደረሰኝ ካላየሁ አልመዘግብም። በዚህ እንደምታሙኝ አውቃለሁ። እኔው ግን ማሽላው ሲያሽት ወባ ይዞኝ አንድ ጤና ተቋም ሄጄ፣ ጣቴን ተወግቼ ተመረመርኩና ኪኒን ተቀብዬ አንድም ነገር ሳልጠይቅ ወጣሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ባለሙያውም ተቻኩሏል፤ እኔም አፈርኩ።

የተሰጠኝ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የ3 ቀን፣ ሌላው የ14 ቀን። ትኩሳቱ ሲለቀኝ የ14 ቀኑን በ4ኛው ቀን ተውኩት፤ የተረፈውን ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ታኅሣሥ ሳይወጣ ወባው ተመለሰብኝ። ያኔ ነው የጠየቅኩት። የያዘኝ ቫይቫክስ የሚባለው ኖሯል። እሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፤ የ14 ቀኑ ፕሪማኩዊን ለተደበቀው ነው። ፋልሲፓረም ቢሆን ዋናው መድኃኒት ኳርተም ነው፤ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳል። ሁለቱንም ወባ እንላቸዋለን፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

ይህስ በእኔው አለፈ። በኋላ የወንድሜ ሚስት ትኩሳት ያዛትና «ያንቺ ትራፊ የለም እንዴ?» አለችኝ። ልሰጣት ሳጥኑን ከፍቼ ነበር። ነፍሰ ጡር ናት። ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም! ያዳናት የእኔ እውቀት አይደለም፤ እናቴ «መጀመሪያ ጤና ኬላ ትታይ» ብላ ስለተቆጣች ነው። እዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሁሉ በፊት የጠየቀቻት እርግዝና እንዳላት ነው።

እኛ አገር የመጀመሪያዎቹን ወራት እርግዝና አናወራም። ከጎረቤት ደብቁ፤ ከሚያክማችሁ ሰው ግን አትደብቁ፤ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ምን እንደተገኘባችሁ፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ ካልተሻላችሁ መቼ እንደምትመለሱ ጠይቁ። የሚቆጣ አይጠፋም፤ ይቆጣ። የሚውጠው እሱ አይደለም።

የቁጠባ ደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ባዶ ነው። ቀኑን፣ የተገኘውን በሽታ፣ የመድኃኒቱን ስምና የቀኑን ብዛት እዚያ አስጽፉ። ፊደል ያልቆጠራችሁ፣ ኪኒን በዋጣችሁ ቁጥር አንድ ጭረት ማስመር ይበቃል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ቤቷ የተረፈ ኪኒን ያላት ይዛ ትምጣ፤ አብረን ጤና ጣቢያ ወስደን እናስረክባለን። የእኔን ይዤ የምመጣው መጀመሪያ እኔ ነኝ።